ማኅተም፣ ብርና ሰንደቅ፦ የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወትና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምልክቶች አመጣጥ

መግቢያ

የአንድ አገር ብሔራዊ ምልክቶች ለረጅም ዘመን ካገለገሉ በኋላ መነሻቸው ይዘነጋል። ሰንደቅ ዓላማውን በየማለዳው የሚሰቅል ትውልድ ማን፣ መቼና ለምን እንደ ሰቀለው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ከአገሩ ጋር አብሮ የተፈጠረ አድርጎ ይቀበለዋል። በኢትዮጵያም ስለ ሰንደቅ ዓላማው፣ ስለ አንበሳውና ስለ አርማው የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው የሚያተኩረው በትርጉማቸው ላይ ነው። አረንጓዴው ምንን ያመለክታል? አንበሳው የማን ነው? በመሐል የሚቀመጠውስ ምን ሊሆን ይገባል? ከእነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ምልክቶቹ በመጀመሪያ የተዘጋጁት ማን እንዲያያቸው ታስቦ ነው?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሚባሉት የኢትዮጵያ ምልክቶች አብዛኞቹ የቆየ ሥር ያላቸው ቢሆኑም፣ ዘመናዊ መልካቸውን የያዙት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በተለይም ከ1882 እስከ 1890 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ማኅተሙ፣ ገንዘቡ፣ ቴምብሩና ሰንደቅ ዓላማው ቅርጽ የያዙት የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት በውጭ መንግሥታት ዘንድ አጠያያቂ በሆነበት ወቅት ስለ ነበር፣ ቀዳሚ ተግባራቸው ለውጭው ዓለም መልስ መስጠት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ለአገር ውስጥ ሕዝብ የሚኖራቸው ትርጉም በዘመኑ በሕግ ሳይወሰን መቅረቱ ለአንዳንዶቹ ዕድሜ፣ ለሁሉም ደግሞ ክርክር ማትረፉ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስም እንደ መጀመሪያ ምልክት

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባሉ ነበር። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡላቸው አያታቸው ሣህለ ሥላሴ እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። ስሙ በክብረ ነገሥት ትውፊት የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ መጠሪያ ነው። ከዚያ ትውፊታዊ ንጉሥ በኋላ በዚህ ስም የነገሠ ባለመኖሩ፣ በኋላ ዳግማዊ የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት የንግሥና ስሙ ራሱ የታሪክ ይገባኛል መግለጫ ሆነ። ምኒልክ ማኅተም ከማስቀረጻቸው በፊት የያዙት የመጀመሪያ ምልክት ይህ ስም ነበር ለማለት ይቻላል።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በሸዋ ላይ ሲዘምቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወራሽም ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። በግዞት የቆዩባቸው ዓመታት ግን እንደ ተራ እስረኛ ያለፉ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወጣቱን በቅርብ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። በዚህ ግቢ ምኒልክ ሁለት ነገር ተመልክተዋል። በአንድ በኩል የተበታተነችውን አገር በአንድ ዘውድ ሥር የማሰባሰብን ሐሳብ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሐሳቡ በኃይል ብቻ ሲገፋ የሚያደርሰውን ጥፋት አዩ። በተጨማሪም ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር የሚደረግ መጻጻፍ ምን ያህል ከባድ መዘዝ እንዳለው ለመገንዘብ ዕድል ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ የኋላ ኋላ ለመቅደላው ጦርነት መንሥኤ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ነው።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ተመለሱ። ያሳለፏቸው የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂቱ ነበሩ፤ ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ስለ ነበር ለዚህ ውለታ የከፈሉት ዋጋ የልጃቸው ሕይወት ሆነ። ምኒልክ ሸዋ እንደ ደረሱ የአባታቸውን አልጋ ያዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕረግ ለራሳቸው መጠቀም ጀመሩ። ማዕረጉ በዚያን ጊዜ ከያዙት ግዛት በብዙ የሰፋ ነበር።

ማዕረግ፣ ማኅተምና አንበሳ

የማዕረጉና የግዛቱ አለመመጣጠን በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ መቋጫ አገኘ። ምኒልክ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛን የበላይነት ተቀብለው ንጉሠ ነገሥት መባልን ተዉ፤ ንጉሠ ሸዋ ተብለውም ዘውድ ተጫነላቸው። ይህ ስምምነት ለምልክቶች ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ደብዳቤ ልማድ የላኪው ማንነት የሚረጋገጠው ከጽሑፉ በላይ በሚያርፈው ማኅተም ነበር። ስለዚህ ማዕረግን መተው ማለት በማኅተም ላይ የሚቀረጸውን ቃል መተው፣ በዚያ ቃል ለውጭ ነገሥታት የመጻፍን መብትም ማጥበብ ማለት ነበር። ምኒልክ ግን በቀጣዮቹ ዓመታትም ከአውሮፓውያን ጋር መላላካቸውን አላቋረጡም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጡት የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በኋላ ዋና አማካሪያቸው ሆኑ፤ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ነጋዴዎችና መልእክተኞች ጋር የነበረው ግንኙነትም ሰፋ።

አንበሳው በምኒልክ ዘመን የተፈጠረ ምልክት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ማኅተማቸው ላይ አንበሳ ነበራቸው። ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የሚለው የግዕዝ ቃልም ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 የመጣ ነው። የዚህን ቃል ታሪክ የመረመሩት የታሪክ ተመራማሪው ስቬን ሩበንሰን ያነሡት ነጥብ ለጉዳያችን መሠረታዊ ነው። በሰዋስው ረገድ ሞዐ ግሥ ነው፤ ቃሉም ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል እንደ ነሣ የሚናገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት በክርስትና አተረጓጎም ክርስቶስ እንጂ ንጉሡ አይደለም። ስለዚህ በደብዳቤና በማኅተም ላይ የሰፈረው የእምነት ቃል ሆኖ ነበር፤ ከቀጥሎ የሚመጣው የንጉሡ ስምና ማዕረግ የተለየ ሐረግ ነው። የአውሮፓ ተርጓሚዎች ግን ሁለቱን አገናኝተው ድል አድራጊው የይሁዳ አንበሳ የሚል የንጉሥ ማዕረግ አደረጉት፤ በጊዜ ብዛትም ይህ አነባበብ በአገር ውስጥ ጭምር ተለመደ። የእምነት መፈክር የነበረው ቃል የሰው ማዕረግ ሲሆን፣ አንበሳው ከክርስቶስ ምሳሌነት ወደ ንጉሥ ምሳሌነት ተሸጋገረ። የዚህ ሽግግር ውጤት ከምኒልክ ሞት ስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ በግልጽ ይታያል።

ውጫሌ፦ ለኢትዮጵያ የሚናገር ማን ነው?

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከማሕዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በተከታዩ ወር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ነገሡ፤ እቴጌ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዘውድ ጫኑ። በልቼ የተተወው ማዕረግ ወደ ማኅተሙ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ከግዛቱ ጋር የተመጣጠነ ነበር።

ማዕረጉ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ዋጋው ተፈተነ። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል ሊላላኩ እንደሚችሉ የሚገልጽ ሲሆን፣ በጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ ሆኖ ተጽፎ ነበር። ጣሊያን በዚህ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንዳለች ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንግሣቸውን ለንግሥት ቪክቶሪያ በደብዳቤ ሲያበሥሩ ያገኙት መልስ ወደ ፊት መላላኩ በጣሊያን በኩል እንዲሆን የሚያሳስብ ነበር። ባለማኅተም ደብዳቤ ሄዶ፣ ማኅተሙ ዋጋ እንደሌለው የሚያስረዳ መልስ መጣ። የምኒልክ ማዕረግ በአገር ውስጥ ማንም በማይክደው ወቅት በውጭ ባዶ ቃል ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ምኒልክ ይህን ባዶነት ለመሙላት የሠሩባቸው ናቸው። በ1883 ዓ.ም. የአገሪቱን ወሰን የሚዘረዝር ደብዳቤ ለአውሮፓ መንግሥታት ላኩ። የጣሊያንን የብድር ዕዳ ከፍለው አጠናቀቁ፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን በይፋ አስታወቁ። ከዲፕሎማሲው ደብዳቤ ጎን ለጎን የተራመደው ሁለተኛው መንገድ የምልክቶች መንገድ ነው።

ብርና ቴምብር

የገንዘቡን ታሪክ ለመረዳት ከውጫሌ ውል በኋላ፣ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ደጃዝማች መኮንን ወልደ ሚካኤል በጣሊያን አገር የፈረሙትን ተጨማሪ ስምምነት ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚህ ስምምነት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የራሳቸው ገንዘብ እንዲኖራቸው ተፈቅዶ፣ ገንዘቡ ግን በጣሊያን መንግሥት ማተሚያ እንዲቀረጽ ተወስኗል። የጣሊያን ንጉሥ ለአፍሪካ ግዛታቸው የሚያስቀርጹት ገንዘብም በኢትዮጵያ እንዲሠራ ተደንግጓል። ጣሊያን ብዙም ሳትቆይ የንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ያለበትን የኤርትራ ታለር አወጣች። አንቀጽ 17 የኢትዮጵያን አፍ ለመያዝ ቢሞክር፣ ይህ የገንዘብ አንቀጽ የገበያዋን እጅ ለመያዝ የተዘጋጀ ነበር።

ምኒልክ የውጫሌን ውል ባፈረሱበት በዚያው በ1885 ዓ.ም. አዲስ የኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲወጣ ወሰኑ። ገንዘቡ የተቀረጸው ሮም ሳይሆን ፓሪስ ነው። በፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ እንዲሠራ መደረጉ ከቴክኒክ ምርጫ በላይ የሆነ የፖለቲካ ውሳኔ ነበር። 1887 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የምኒልክ ብር በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉትን የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ በሌላ ፊቱ ዘውድ የጫነና መስቀል ያለበትን በትር የያዘ አንበሳ ይዞ ወጣ። አንበሳው ከደብዳቤ ራስጌ ወደ ገበያ የወረደው በዚህ ጊዜ ነው። ከብሩ ጋር አላድ፣ ሩብና ተሙን የተባሉት ክፍልፋዮችም ተቀረጹ።

ብሩ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሆኖ የተሠራው በገበያው ነግሦ ከኖረው ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር እንዲተካከል ነው። ይሁን እንጂ ገበሬውና ነጋዴው የኦስትሪያዋን ንግሥት ምስል የያዘውንና 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የሚነበብበትን የለመደውን ብር በቀላሉ አልተወም። የአሞሌ ጨውም በብዙ ገበያዎች መመንዘሪያነቱን ቀጠለ። የምኒልክ ብር የማርያ ቴሬዛን ብር ሊያስወጣ አልቻለም። በኢኮኖሚ መመዘኛ ብቻ ከታየ ስኬቱ ውስን ነበር ማለት ነው። ምልክትነቱ ሲመዘን ግን ውጤቱ ሌላ ነው፤ የራሱን ገንዘብ በራሱ ምስልና በራሱ ፊደል የሚያስቀርጽ መንግሥት በሌላው ጥበቃ ሥር ነው ብሎ ማስረዳት አስቸጋሪ ሆነ።

የቴምብሩም ታሪክ ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገዱ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ከተሰጠ በኋላ፣ ኢልግና ፈረንሳዊው ባልደረባቸው ሌዮን ሼፍኖ የፖስታውንም ጉዳይ ይዘው ተንቀሳቀሱ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች የኧዠን ሙሾን ሥራ ሲሆኑ የታተሙትም ፓሪስ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የምኒልክን ምስል፣ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ሦስቱ ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል። ቴምብር በባሕርዩ ድንበር ተሻግሮ የሚሄድ ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጠረፍ ላይ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር እንዲጨመርበት ያስፈልግ ነበር። ኅብረቱ ኢትዮጵያን በአባልነት የተቀበለው በ1901 ዓ.ም. ነው። በአንድ ፖስታ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉት ሁለቱ ቴምብሮች የዚያን ዘመን ሁኔታ ከብዙ ሐተታ በላይ ያሳያሉ። አንደኛው ኢትዮጵያ ስለ ራሷ የምትለውን፣ ሁለተኛው ዓለም እስከዚያ ድረስ የተቀበላትን ልክ ይመሰክራሉ።

ዐድዋና ሰንደቅ ዓላማው

ምልክት ብቻውን ሉዓላዊነትን አያስከብርም፤ ምኒልክም ይህን አልሳቱትም። ከፓሪስ ብር ሲያስቀርጹ ከልዩ ልዩ አገሮች ጠመንጃና መድፍም ይገዙ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተገኘው ድል ክርክሩን ቋጨው። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሰርዞ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አረጋገጠ። ብዙም ሳይቆይ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን መልእክተኞች ተራ በተራ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1882 ዓ.ም. መልስ የተነፈገው ማኅተም አሁን ውል የሚታተምበት ሆነ።

የሰንደቅ ዓላማው ታሪክ የሚገባው በዚህ ሥፍራ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማት ከዚህ ቀደምም ይታወቁ ነበር፤ ሆኖም በተለያዩ ረጃጅም ጨርቆች ተሠርተው ለየብቻቸው ወይም አንዱ ከሌላው በላይ ተሰቅለው ይውለበለቡ ነበር እንጂ አንድ ወጥ ሰንደቅ አልነበሩም። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ የተጋጠሙት ከዐድዋ ድል በኋላ፣ መስከረም 1890 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሰንደቅ ላይ ቀዩ ከላይ፣ ቢጫው በመሐል፣ አረንጓዴው ከታች ነበር፤ በመሐል ላይም የንጉሠ ነገሥቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ም ተጽፎበታል። ባለ አራት ማዕዘኑ ቅርጽ በዘመኑ መንግሥታት በሕንጻና በመርከብ ላይ ከሚሰቅሉት ጋር የሚመሳሰል ነው። ቀለማቱ የአገሩ፣ ቅርጹ ግን የዓለም አቀፉ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነበር። መልእክተኞች በሚመላለሱበት፣ የውጭ ሌጋሲዮኖች በሚከፈቱበት ወቅት እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ሰንደቅ ሲሰቅል ባለቤቱ አገርም ተመጣጣኙን መስቀል ነበረበት።

የቀለማቱን ትርጉም በተመለከተ በአንድ ሕግ የተወሰነ ፍቺ በዚያን ጊዜ አልነበረም። በሕዝብ ዘንድ ቀለማቱ ከቀስተ ደመና፣ ማለትም ከማርያም መቀነት ጋር ተያይዘው፣ ከኖኅ ቃል ኪዳን ጋርም ተዛምደው ይተረጎማሉ። ከሥላሴ ወይም ከእምነት፣ ከተስፋና ከፍቅር ጋር የሚያገናኟቸውም አሉ። በኋላ ዘመን በትምህርት ቤት የተለመደው ፍቺ አረንጓዴውን ለልምላሜ፣ ቢጫውን ለተስፋ ወይም ለሀብት፣ ቀዩን ለመሥዋዕትነት ይሰጣል። የእነዚህ ፍቺዎች መብዛት የሚያመለክተው ትርጉሙ ከሰንደቁ በኋላ የመጣ መሆኑን ነው። ዓላማ የሚለው ቃል ራሱ ምልክት፣ ዒላማ ማለት ነው፤ ምልክቱ መጀመሪያ ተተከለ፣ ምን እንደሚያመለክት የመወሰኑ ሥራ ግን ለተከታዮቹ ትውልዶች ተላለፈ።

የከፋ ዘውድ

ባለ ሦስት ቀለሙ ሰንደቅ አንድ ወጥ ሆኖ በተሰቀለበት በ1890 ዓ.ም. መግቢያ በደቡብ ምዕራብ ሌላ ክንውን ነበር። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ውጊያ በኋላ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ፤ የከፋም መንግሥት አበቃ። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. ሐረር፣ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ በጦርነት ተይዘዋል፤ አርሲም ለዓመታት ከተዋጋ በኋላ ገብሯል። በእነዚህ ዘመቻዎች የጠፋው ሕይወትና የተተከለው የገባር ሥርዓት በየአካባቢው የቃል ታሪክ ውስጥ ጥልቅ አሻራ ትቷል።

ለምልክቶች ጥናት የከፋው ታሪክ ልዩ ዋጋ አለው። በከፋዎች ዘንድ ዘውዱ የንጉሥ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመንግሥቱ ህልውና የተያያዘበት ቅዱስ ዕቃ ነበር። ድል አድራጊዎቹ ዘውዱን ወሰዱ፤ አልፍሬድ ኢልግም ወደ ስዊዘርላንድ ይዘውት ሄዱ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። አንድ የመንግሥት ምልክት ለውጭው ዓለም በሚቆምበት ወቅት ሌላ የመንግሥት ምልክት ከባለቤቶቹ ተነጥሎ አገር ለቀቀ፤ በሁለቱም ምዕራፎች ውስጥ የአንዱ አማካሪ እጅ አለበት።

የሁለቱ ክንውኖች መገጣጠም የታቀደ ነው ማለት አይደለም። የሚያሳየው ግን የምኒልክ ምልክቶች ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲዞሩ የተለያየ ፊት እንደነበራቸው ነው። ለሮም፣ ለለንደንና ለፓሪስ አንበሳውና ሰንደቁ የነጻነት መግለጫ ነበሩ። በዐድዋ ከየአቅጣጫው ተሰልፎ የተዋጋው ሠራዊትም ይህን ትርጉም በደሙ አጽንቶታል። በቦንጋ ወይም በወላይታ ለነበረ ሰው ግን ያው ምልክት የመጣው ከአሸናፊው ጦር ጋር ነው። ሁለቱም ትውስታዎች እውነተኛ መነሻ አላቸው፤ አንዱን ለማጽደቅ ሌላውን መካድ የምልክቱን ታሪክ በግማሽ መቁረጥ ይሆናል።

ከምኒልክ በኋላ

ምኒልክ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው ትኩረታቸው ከምልክት ወደ ተቋም ዞረ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በስማቸው የተሰየመው ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሕመም ጸናባቸው። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋ ረገድን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወቁ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝቡ ወዲያው አልተነገረም፤ መንግሥቱ ለተወሰነ ጊዜ በስማቸው ቀጠለ። የስም ምልክትነት ከባለቤቱ ዕድሜ ሊያልፍ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ምልክቶቹ ከዚያ በኋላ የየራሳቸውን ዕጣ አገኙ። ም የሚለው ፊደል ከሰንደቁ ላይ ጠፋ፤ የቀለማቱም ቅደም ተከተል ተገልብጦ አረንጓዴው ከላይ፣ ቀዩ ከታች ሆነ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘውድ የጫነው አንበሳ በሰንደቁ መሐል ተቀመጠ። አንበሳው በዚህ ጊዜ የንጉሡ ማዕረግ ምስል ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይነበብ ነበር። ስለዚህም በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወድቅ አንበሳውም ዘውዱንና መስቀሉን ተገፈፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሰንደቁ ወረደ። ሩበንሰን ያመለከቱት የትርጉም ሽግግር ባይከሠት ኖሮ የአንበሳው ዕጣ ከንጉሡ ዕጣ ጋር በዚህ ልክ ባልተቆራኘ ነበር። ያም ሆኖ አንበሳው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ1969 ዓ.ም. በተቀረጹት ሳንቲሞች ላይ ያለ ዘውድና ያለ መስቀል ራሱ ብቻ ታየ። ማዕረግነቱ ሲቀር ምስልነቱ ተረፈ።

ቀለማቱ ግን ሁሉንም ሥርዓት ተሻገሩ። ዘውዳዊው መንግሥት፣ ወታደራዊው መንግሥትና የፌዴራሉ ሥርዓት በመሐል የሚቀመጠውን ምልክት ሲለዋውጡ ሦስቱን ቀለማት ጠብቀዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ቀለማቱን አጽንቶ የሕዝቦችን እኩልነትና አንድነት የሚያንጸባርቅ ዓርማ በመሐሉ እንዲኖር ደነገገ። ከኢትዮጵያ ውጭም ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ ቀለማትን መረጠች፤ ጊኒ፣ ማሊና ሌሎችም ተከተሉ። በ1890 ዓ.ም. ለአውሮፓ መልእክተኞች ዓይን የተሰቀለው ሰንደቅ በስድሳ ዓመት ውስጥ የአፍሪካ ነጻነት ቀለም ሆነ።

ማጠቃለያ

የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት ከግዞት ልጅነት እስከ ዐድዋ ድል ድረስ በአንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፤ በማን ስም፣ በማን ማኅተምና በማን ምስል ይነገራል? በመቅደላ ስማቸው ብቻ ነበራቸው፤ በልቼ ማዕረጋቸውን ተዉ፤ ከውጫሌ በኋላ ማኅተማቸው ተናቀ፤ በብሩ፣ በቴምብሩ፣ በመጨረሻም በጦር ሜዳ መልስ ሰጡ። ምልክቶቹ በዚህ ትግል ውስጥ የሉዓላዊነት መሣሪያዎች ሆነው ተሠሩ።

ከአንድ ሰው ጋር የተጣበቁት፣ ማለትም የስሙ ፊደል፣ በገንዘቡ ላይ ያለው ምስልና ማዕረግ የሆነው አንበሳ፣ ከሰውየው ወይም ከሥርዓቱ ጋር አለፉ ወይም ተለወጡ። ትርጉማቸው ክፍት ሆኖ የቀረው ቀለማት ግን ኖሩ። ክፍትነቱ ዋጋም አለው። ትርጉሙን ማን እንደሚሞላው ሳይወሰን የቀረ ምልክት ሁሉም የሚጠጋበት ጥላ፣ ሁሉም የሚከራከርበት አደባባይም ይሆናል። ዛሬ በሰንደቁ መሐል ምን ይቀመጥ በሚለው ላይ የሚደረገው ክርክር ከምልክቱ ባሕርይ የወጣ እንግዳ ነገር ሳይሆን በ1890 ዓ.ም. ሳይመለስ የቀረው የውስጥ ጥያቄ ቀጣይ ምዕራፍ ነው። ለውጭው ዓለም የተሰጠው መልስ ዐድዋ ላይ ተጠናቋል፤ የውስጡ መልስ ግን የእያንዳንዱን አካባቢ ትውስታ፣ የከፋን ዘውድ ታሪክ ጭምር፣ በአንድ ሰንደቅ ሥር ለማንበብ መቻልን ይጠይቃል።